ፀረ ባክቴሪያ የሆነና ቻርጅ የያዘ ያልተሸመነ የአየር ማጣሪያ ጨርቅ፦ የአማራጮች ንጽጽር

ከአንድ ያልተሸመነ ጨርቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ፣ ማለትም በያዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ከአየር ስቦ እንዲያስቀርና ያስቀራቸውን ባክቴሪያዎችም እንዲገድል ሲፈለግ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች በባሕርያቸው የሚቃረኑ መሆናቸውን ገና ከጅምሩ መረዳት ያስፈልጋል። ቻርጅ ለወራት ጸንቶ የሚቆየው ደረቅ በሆነ፣ ውሃን በሚገፋና ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ገጽ ላይ ነው። ፀረ ባክቴሪያ ንጥረ ነገሮች ግን በአብዛኛው እርጥበት ሳያገኙ አይሠሩም፤ ብዙዎቹም ጨው ወይም ብረት ስለሆኑ በፋይበሩ ገጽ ላይ ለቻርጁ ማምለጫ መንገድ ይከፍቱለታል። በዚህ መስክ የሚሠሩ ሰዎች አማራጮችን ሲያወዳድሩ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያን በተሻለ የሚገድለው የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ በመጠየቅ ይጀምራሉ። በእኔ እምነት ቀዳሚው ጥያቄ የትኛው ንጥረ ነገር፣ በየትኛው የምርት ደረጃ ቢገባ ቻርጁን ሳይነካ እንደሚቀር ነው፤ አማራጮቹንም ከዚህ በታች የምመዝናቸው በዚህ ሚዛን ነው።

ጨርቁ የሚውልበትን ቦታ መለየት

ለጥቂት ሰዓታት ተደርጎ ለሚጣል የመተንፈሻ ጭምብል፣ ለወራት በሕንፃ የአየር ማስተላለፊያ ቦይ ውስጥ ለሚቀመጥ ማጣሪያና ለቤት ውስጥ አየር ማጽጃ መሣሪያ የሚሆነው ጨርቅ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስቱም ቻርጅ ይፈልጋሉ፤ ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልጋቸው ግን በእኩል ደረጃ አይደለም።

በሚጣል ጭምብል ላይ ፀረ ባክቴሪያ መጨመር ትርፉ ትንሽ፣ ስጋቱ ደግሞ እውነተኛ ነው እላለሁ። ጭምብሉ በሚሠራበት ደረቅ ፕላስቲክ፣ በፖሊፕሮፒሊን፣ ላይ ያረፈ ባክቴሪያ የሚመገበው ነገር ስለማያገኝ በአንድ የሥራ ፈረቃ ውስጥ ሊራባ የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ከፋይበሩ የሚላቀቅ የብረት ወይም የማዕድን ቅንጣት ግን በቀጥታ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የካናዳ የጤና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ግራፊን የሚባለውን እጅግ ስስ የካርቦን ንብርብር የያዙ ጭምብሎች እንዳይሸጡና ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ያሳሰበው በዚሁ ስጋት ምክንያት ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የቲቢ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል የምትሠራን ነርስ ከበሽታው የሚጠብቃት ጭምብሉ ፊቷ ላይ በደንብ መግጠሙና ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚደርሱትን በሽታ አማጭ ቅንጣቶች ማስቀረቱ ነው። የተያዘው ባክቴሪያ ጭምብሉ ላይ ዛሬ መሞቱ ወይም ነገ መሞቱ ለእርሷ የሚያመጣው ልዩነት አነስተኛ ነው። ጭምብሉን ደጋግሞ መልበስ ግድ በሚሆንበት ሁኔታ ነገሩ በመጠኑ ይለወጣል፤ ያኔ እጅ የሚነካው የውጭው ሽፋን ቢታከም ምክንያት አለው።

በሕንፃ የአየር ቦይ ውስጥ የሚቀመጠው ማጣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወራት ሲቆጠሩ በላዩ የተከማቸው አቧራ ለባክቴሪያም ለሻጋታም ምግብ ይሆናል፤ አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ በሆነባቸው የክረምት ሳምንታት ደግሞ ማጣሪያው ራሱ የሽታና የሻጋታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ፀረ ባክቴሪያውን መፈለግ ተገቢ ነው፤ የሚመረጠው ንጥረ ነገርም ባክቴሪያን ብቻ ሳይሆን ሻጋታንም የሚገታ መሆን ይኖርበታል።

ቻርጁ የሚሠራው ሥራና የሚለካበት መንገድ

የአየር ማጣሪያ ጨርቅ እንደ ወንፊት አይሠራም። በፋይበሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሚያስቀራቸው ቅንጣቶች ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ከአየሩ ጋር መታጠፍ ስለሚያቅታቸው ከፋይበሩ ጋር ይጋጫሉ፤ መካከለኞቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ይነኩትና ይጣበቃሉ፤ እጅግ ጥቃቅኖቹ ደግሞ በአየር ሞለኪውሎች እየተገፉ ወዲያና ወዲህ ሲዋልሉ ያርፉበታል። ከእነዚህ ሁሉ የሚያመልጡት በ0.1 እና በ0.3 ማይክሮሜትር መካከል ያሉት ናቸው። ቻርጅ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ቻርጅ ያለውን ቅንጣት በቀጥታ ይስበዋል፣ ቻርጅ የሌለውንም በውስጡ የአሉታዊና የአዎንታዊ መለያየት ፈጥሮ ወደ ፋይበሩ ይጎትተዋል። በዚህ የተነሳ ቻርጅ በያዘ ጨርቅ ውስጥ በቀላሉ የሚያልፈው የቅንጣት መጠን ወደ 0.1 ማይክሮሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሐንሰን የተባለ ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ሱፍን ከዛፍ ሙጫ ዱቄት ጋር በማሸት ቻርጅ የያዘ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር። ዛሬ ገበያውን የያዘው ሜልት-ብሎውን የሚባለው አሠራር መነሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው፤ ዓላማውም ከኑክሌር ሙከራዎች በኋላ በከባቢ አየር የሚበተኑ ጨረር አመንጪ ቅንጣቶችን የሚይዝ እጅግ ቀጭን ፋይበር ማግኘት ነበር። እነዚህን ሁለት መንገዶች ካገናኙት ሰዎች መካከል በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፒተር ሳይ ስሙ በተደጋጋሚ ይነሳል፤ በ1990ዎቹ ጨርቁን በከፍተኛ ቮልቴጅ ቻርጅ የማድረግ ዘዴ አስመዝግቧል።

አንድን ጨርቅ ከሌላው ለማወዳደር የማጣራት ብቃቱን ብቻ ማየት አያስተማምንም፤ ብቃት በክብደትና በውፍረት ሊገዛ ይችላልና፣ ዋጋውም የሚከፈለው በትንፋሽ ወይም በማራገቢያ ጉልበት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የጥራት መለኪያ የሚሉትን ቁጥር ይጠቀማሉ። ይህም የሚያልፈው የቅንጣት ድርሻ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ምልክቱ ተገልብጦ፣ ለግፊት ልዩነቱ (አየሩ ጨርቁን ሲያልፍ ለሚያጣው ግፊት) ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ አንዱ ጨርቅ 95 በመቶ አጣርቶ 30 ፓስካል የግፊት ልዩነት ቢያሳይ መለኪያው 0.10 ይሆናል፤ ሌላው በተመሳሳይ የአየር ፍጥነት 99 በመቶ አጣርቶ 90 ፓስካል ቢያሳይ ወደ 0.05 ይወርዳል። ሁለተኛው በወረቀት ላይ የተሻለ ቢመስልም ከመጀመሪያው ጨርቅ ሁለት ንብርብር መጠቀም ከእርሱ ያነሰ ተቃውሞና የበለጠ ብቃት ይሰጣል። ፀረ ባክቴሪያ ከተጨመረ በኋላም መታየት ያለበት ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በግማሽ ከወደቀ፣ የተጨመረው ንጥረ ነገር ባክቴሪያን ቢገድልም ማጣሪያውን ገድሎታል ማለት ነው።

የጨርቁ መሠረት

አራት ዓይነት መሠረቶች በተደጋጋሚ ለምርጫ ይቀርባሉ። በሜልት-ብሎውን አሠራር የቀለጠው ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲኩ፣ በጠባብ ቀዳዳዎች ሲወጣ ፈጣን ሙቅ አየር ይስበውና ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ወደሚደርስ ፋይበር ይቀይረዋል። ስፐንቦንድ የሚባለው ከ15 እስከ 30 ማይክሮሜትር የሚወፍር ፋይበር ያለው ጠንካራ ጨርቅ ነው፤ ብቻውን ጥቃቅን ቅንጣት አያስቀርም፣ ለደካማው ሜልት-ብሎውን ግን ጥሩ ድጋፍ ይሆነዋል። በመርፌ እየተወጋ የሚያያዘው ወፍራም ምንጣፍ መሰል ጨርቅ አቧራን ብዙ ስለሚሸከም ለሕንፃ ማጣሪያ ይስማማል። በኤሌክትሮስፒኒንግ፣ ማለትም የተሟሟ ፖሊመርን በኤሌክትሪክ ኃይል ስቦ በማቅጠን፣ የሚገኘው የናኖሜትር ፋይበር ደግሞ በቅጥነቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን ምርቱ አዝጋሚ ነው፣ እንደ ዲሜቲል ፎርማማይድ ያሉ መርዛማ ማሟሟያዎችን ይፈልጋል፣ ያለ ድጋፍም አይቆምም። ለምርምር ወረቀት ይማርካል፤ ነገ ወደ ፋብሪካ ሊገባ ለታሰበ ምርት ግን ብዙ ጥያቄ ይቀረዋል።

በፖሊመር ምርጫ ረገድ ፖሊፕሮፒሊን የሚመራው ያለ ምክንያት አይደለም። እርጥበት አይጠጣም ለማለት ይቻላል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይፈሳል። ለሜልት-ብሎውን የሚመረጠው ደረጃ የፍሰት መጠኑ በ10 ደቂቃ ከ1000 ግራም በላይ የሆነው ነው፤ ለከረጢትና ለፕላስቲክ ዕቃ የሚውለው ተራ ደረጃ በዚህ መሣሪያ ቀጭን ፋይበር አይሰጥም። ከበቆሎና ከሸንኮራ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ ተፈጥሮን ባለመጉዳቱ ይወደሳል፤ ሆኖም ከፖሊፕሮፒሊን የበለጠ እርጥበት ይስባል፣ በሙቀትና በእርጥበት ይፈርሳል፣ ቻርጁንም ቶሎ ያጣል። ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ በተፈጥሮው ጥሩ ዋልታዊ ባሕርይ አለው፤ ውድ መሆኑና ፍሎሪን መያዙ ግን ለሚጣል ዕቃ የማይመች ያደርገዋል። ናይለን ከክብደቱ 4 በመቶ ያህል እርጥበት ስለሚይዝ ቻርጅ ለማቆየት ከመጀመሪያው መመረጥ የለበትም።

ቻርጅ ጨርሶ የማያስፈልግበት አማራጭም አለ። ከመስታወት ፋይበር የሚሠሩት ከፍተኛ ማጣሪያዎች፣ ለምሳሌ ኤች 13 የሚባለው ደረጃ፣ በጣም አስቸጋሪ በሆነው የቅንጣት መጠን እንኳ 99.95 በመቶ ያስቀራሉ፣ ብቃታቸውም በእርጥበትና በዘይት አይናድም። ለቀዶ ሕክምና ክፍል በቂ ማራገቢያ ካለ ከእነርሱ ጋር መከራከር ከባድ ነው። ቻርጅ የሚያሸንፈው የአየሩን ተቃውሞ ዝቅተኛ ማድረግ ግድ በሚሆንበት ቦታ፣ ማለትም ሰው በራሱ ሳንባ በሚስብበት ጭምብልና ደካማ ማራገቢያ ባለው መሣሪያ ውስጥ ነው።

ቻርጅ የማድረጊያ መንገዶች

የኮሮና ዘዴ (ስሙ ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም) ጨርቁን በብዙ አሥር ሺህ ቮልት በሚቆጠር ቮልቴጅ ላይ ባሉ ቀጭን ሽቦዎች ወይም መርፌዎች ሥር ማሳለፍ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፣ ከምርት መስመሩ ጋር ይገጣጠማል፣ ውሃም ማድረቂያም አይፈልግም። ጉድለቱ ቻርጁ በአብዛኛው በፋይበሩ ገጽ አቅራቢያ መቀመጡና ጥልቅ ማረፊያ ካላገኘ በሙቀት መሸሹ ነው፤ ለዚህም እንደ ማግኒዚየም ስቴሬት ወይም ቱርማሊን ያሉ ቻርጅ አጋዥ ጭማሪዎች በፖሊመሩ ውስጥ ይቀላቀላሉ።

በአገራችን ደጋ አካባቢዎች ይህን ዘዴ ለሚሞክር ላቦራቶሪ ከውጭ ጽሑፎች የማይገኝ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአየር ግፊት በባሕር ዳር ከባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ እጅ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የሚቋቋመው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ በተሠራ ሙከራ የተጻፈውን ቮልቴጅና ርቀት እንዳለ መውሰድ ብልጭታ አስነስቶ ጨርቁን ይበሳል። ቮልቴጁን መቀነስ ወይም ርቀቱን ማስፋት፣ ከዚያም የሚያልፈውን ጅረት እየለኩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጥናቱን የሚያወጣውም ሰው ሙከራው የተደረገበትን ከፍታና እርጥበት ቢመዘግብ ለተከታዩ ተመራማሪ ትልቅ እገዛ ይሆናል።

በውሃ ቻርጅ ማድረግ ሁለተኛው መንገድ ነው። ከጨዋማ አዮኖች የጸዳ ውሃ በግፊት በጨርቁ ላይ ይረጫል፣ ውሃውና ፋይበሩ ሲፋተጉ ቻርጅ ይፈጠራል፣ ከዚያም ጨርቁ ይደርቃል። ቻርጁ ወደ ውስጠኛው የጨርቁ ክፍል ስለሚደርስ በተመሳሳይ የግፊት ልዩነት ከኮሮና የተሻለ ብቃት ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም የጸዳ ውሃ፣ የመሳቢያ ፓምፕና የማድረቂያ ጉልበት ይጠይቃል፤ በገጹ ላይ በደካማው የተለጠፈ ፀረ ባክቴሪያ ካለም ያጥበዋል፣ የታጠበውም ውሃውን አበላሽቶ ቻርጁን ያዳክማል።

ሦስተኛው በመፋተግ ቻርጅ ማድረግ ነው። ሁለት የተለያዩ ፋይበሮች፣ ለምሳሌ ፖሊፕሮፒሊንና ሞዳክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ፋይበር፣ አብረው ሲበጠሩ አንዱ አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ ይሆናል። አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ጠንካራ ቻርጅ ያለው ጨርቅ ይገኛል። ፋይበሮቹ በፋብሪካ የተቀቡት ቅባት አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ሳይታጠብ የቀረ ጥቂት ቅባት ቻርጁ እንዳይያዝ ያደርጋል።

ለጀማሪ ቡድን ምርጫዬ ኮሮና ነው፤ የተሻለ ቁጥር ስለሚሰጥ ሳይሆን፣ ሌላው ሁሉ ሥራ ተጠናቅቆ ጨርቁ በደረቀበት መጨረሻ ላይ ሊደረግ ስለሚችል ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከፀረ ባክቴሪያው ጋር በሚኖረው ግጭት ውስጥ ወሳኝ መሆኑ ከዚህ ቀጥሎ ይታያል።

ፀረ ባክቴሪያዎቹ ከቻርጅ አንጻር

ብር በጥቂት መጠን ብዙ የባክቴሪያ ዓይነቶችን ይገድላል። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚለቀቁት አዮኖች በባክቴሪያው ፕሮቲን ውስጥ ካሉት የድኝ ክፍሎች ጋር ተጣብቀው ሥራውን ያስቆማሉ። ሙቀት ስለሚችል ከፖሊመሩ ጋር አብሮ ሊቀልጥ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ዚዮላይት ወይም መስታወት በሚባል ተሸካሚ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ዚዮላይት ግን እርጥበት አጥብቆ የሚስብ ማዕድን ስለሆነ ቻርጅን ለማቆየት የመስታወቱ ተሸካሚ ይመረጣል። ዋጋው፣ ጨርቁን ማጠየሙ፣ ከተጣለ በኋላም በውሃና በአፈር ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ሕዋሳትን መጉዳቱ ጉድለቶቹ ናቸው። ብርን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቃጠሎ ሕሙማን ክፍሎች መታወቃቸውም መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ ብርን በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ መርጨት ትክክል አይመስለኝም።

መዳብና የመዳብ ኦክሳይድ ከብር ይረክሳሉ፣ በሻጋታም ላይ ይበረታሉ። ነገር ግን መዳብ የፖሊፕሮፒሊንን መበስበስ ያፋጥናል፤ የብረቱን ተጽዕኖ የሚገታ ጭማሪ አብሮ ካልገባ ጨርቁ በጊዜ ሂደት ይሰባበራል። ለሚጣል ዕቃ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ለወራት ለሚቀመጥ ማጣሪያ ግን ነው።

ዚንክ ኦክሳይድ በገዳይነቱ ከብር ያንሳል፤ በእኔ ሚዛን ግን ቻርጅ ለያዘ ጨርቅ ከቀረቡት ሁሉ ይበልጣል። ነጭ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የማቅለጫውን ሙቀት ያለ ችግር ይችላል፣ በትንሽ መጠን በደንብ ከተበተነም የፖሊመሩን ኤሌክትሪክ የመከላከል ባሕርይ ብዙም አይጎዳም። በጉድለት ሊቆጠርበት የሚገባው ቅንጣቶቹ መጓጎል ስለሚወዱ የማቅለጫውን ማጣሪያና ቀዳዳዎች መድፈናቸው ነው፤ አስቀድሞ በተሸካሚ ፖሊመር ውስጥ በደንብ ተቦክቶ በተዘጋጀ ማስተርባች መልክ ማስገባት ይህን ይቀንሳል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም። ባክቴሪያን የሚገድለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኝ ነው፣ የአየር ቦይ ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው፤ ብርሃን ቢኖርም ፖሊፕሮፒሊኑን ራሱን ይበላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በትንፋሽ የሚገባውን የዚህን ማዕድን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል።

ኳተርናሪ አሞኒየም የሚባሉት ውህዶች በሆስፒታል ማጽጃነት የታወቁና በፍጥነት የሚገድሉ በመሆናቸው ለብዙዎች የመጀመሪያ ምርጫ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እነዚህ ውህዶች በጨርቃጨርቅ ኢንዱስትሪ ውስጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክን ለማጥፋት የሚቀቡት ንጥረ ነገሮች የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ጨው በመሆናቸው ከአየር እርጥበት ይስባሉ፣ በፋይበሩ ላይም ቀጭን አስተላላፊ ሽፋን ይፈጥራሉ። ቻርጅ በያዘው ንብርብር ላይ እነርሱን መቀባት ቻርጁን ሆን ብሎ የማፍሰስ ያህል ነው። በሙቀትም ስለሚፈርሱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሚደርሰው የሜልት-ብሎውን ማቅለጫ ውስጥ አይገቡም።

ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚገኘው ካይቶሳን በተፈጥሯዊነቱ ይወደዳል፤ በቀላል አሲድ ይሟሟል፣ መርዛማነቱም አነስተኛ ነው። ውሃ ወዳድ ስለሆነ ግን ለቻርጅ ጠላት ነው፣ ውሃ በሚገፋው ፖሊፕሮፒሊን ላይም ገጹ አስቀድሞ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተነቃቃ ጋዝ) ካልታከመ አይጣበቅም። ኤን-ሃላሚን የሚባሉት ክሎሪን ተሸካሚ ውህዶች በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላሉ፤ የሚወደሱት በበረኪና ታጥበው ኃይላቸው ስለሚታደስ ነው፣ ነገር ግን ቻርጅ የያዘ ጨርቅ በበረኪና ሊታጠብ ስለማይችል ዋናው ጥቅማቸው እዚህ ዋጋ ያጣል።

የዕፅዋት ዘይቶችን በተመለከተ፣ በደጋ ተራሮቻችን የሚበቅለው ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ባክቴሪያን የሚገቱ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ወጣት ተመራማሪዎች ወደዚህ አቅጣጫ ማዘንበላቸው የሚደገፍ ነው። ዘይቱ ግን ቻርጅ በያዘው ፋይበር ላይ መድረስ የለበትም፤ የዘይት ስስ ሽፋን ቻርጁን ይጋርዳል፣ ያጠፋዋልም። ከዚያም በላይ ሽታው እንደሚያሳየው ዘይቱ ይተናል፣ ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥም ይገባል።

ፀረ ባክቴሪያውንና ቻርጁን የማጣመሪያ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ፀረ ባክቴሪያውን ከፖሊመሩ ጋር አቅልጦ ፋይበር ማውጣትና በመጨረሻ ቻርጅ ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ በራሱ የተስተካከለ ነው፣ ንጥረ ነገሩ አይላቀቅም፣ ተጨማሪ የማጠቢያ ወይም የማድረቂያ ደረጃም የለውም። ድክመቱ አብዛኛው ንጥረ ነገር በፋይበሩ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ባክቴሪያው ጋ አለመድረሱ ነው፤ ውጤቱን ለማሳደግ መጠኑን መጨመር ደግሞ ፋይበሩን ያወፍረዋል፣ ቻርጁንም ያሳሳል። ዚንክ ኦክሳይድና በመስታወት ላይ የተጫነ ብር ለዚህ መንገድ ይስማማሉ።

ሁለተኛው መንገድ ጨርቁ ከተሠራ በኋላ ገጹን ማከም ነው። በፕላዝማ ማዘጋጀት፣ መንከር ወይም መርጨት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ቻርጅ ማድረግ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ንጥረ ነገሩ ሁሉ ገጹ ላይ ስለሆነ ገዳይነቱ ከፍ ይላል። ሆኖም መንከር በቀጭኑ የሜልት-ብሎውን መረብ ላይ ጉዳት አለው፤ ውሃው ሲደርቅ ፋይበሮቹን እርስ በርስ ጎትቶ ስለሚያጣብቅ የአየር ተቃውሞው ይጨምራል። የማጣበቂያውና የሳሙናው ቅሪት ደግሞ በኋላ የሚሰጠውን ቻርጅ ያሾልካል። ቻርጅ የተደረገን ጨርቅ ከዚያ በኋላ መንከር ግን ከቶ መታሰብ የለበትም። በኮቪድ ወቅት ጭምብልን በአልኮል ወይም በሳሙና ውሃ አጽድቶ መጠቀም ብቃቱን ክፉኛ እንደሚጥለው በበርካታ ሙከራዎች ታይቷል፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሥራውን በንብርብር መከፋፈል ነው። ውስጠኛው ሜልት-ብሎውን ቻርጁን ይይዛል፣ ከፊትና ከኋላ ያለው ስፐንቦንድ ፀረ ባክቴሪያውን ይሸከማል፤ ንብርብሮቹ የሚያያዙትም በሙሉ ገጽ በተቀባ ማጣበቂያ ሳይሆን ጠርዝ ጠርዙን በአልትራሶኒክ (በከፍተኛ የድምፅ ሞገድ) ብየዳ ነው። እንዲህ ሲሆን ለውጩ ጨርቅ የኳተርናሪ አሞኒየም ወይም የካይቶሳን ሕክምና እንኳ ሊታሰብ ይችላል፣ በሚገባ ከደረቀና ከገጹ ወደ ውስጥ እንዳይሻገር ከተደረገ። ይህን መንገድ የማይመርጡ ሰዎች የሚያነሱት ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው፤ ጥቃቅኖቹ ቅንጣቶች የሚያዙት ውስጠኛው ንብርብር ላይ ስለሆነ ሲነካ ብቻ የሚገድለው የውጩ ንጥረ ነገር አያገኛቸውም። እውነት ነው። ነገር ግን እጅ የሚነካው፣ አቧራ የሚከማችበትና እርጥበት በቅድሚያ የሚያርፍበት የውጩ ገጽ ነው፤ መራባት የሚጀመረውም በአብዛኛው በዚያው ነው።

ስለዚህ ለሚጣል ጭምብል ያለ ምንም ፀረ ባክቴሪያ ጥሩ ቻርጅ ያለው ፖሊፕሮፒሊን፣ ተደጋግሞ ለሚለበስ ጭምብል በንብርብር የተከፋፈለውን፣ ለሕንፃ ማጣሪያ ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ አብሮ የቀለጠበትንና በመጨረሻ በኮሮና ቻርጅ የተደረገውን እመርጣለሁ። በኤሌክትሮስፒኒንግ ብርንና ቻርጅን በአንድ እርምጃ ማስገባት በላቦራቶሪ የሚያምር ውጤት ይሰጣል፤ የማሟሟያው ቅሪት በሰው ትንፋሽ መንገድ ላይ ሊቀር መቻሉ እስኪፈታ ድረስ ግን ለጭምብል አላቀርበውም።

ምርጫውን በሙከራ ማረጋገጥ

ባክቴሪያን የማጣራት ብቃት የሚባለው ሙከራና ፀረ ባክቴሪያነት የሚለካበት ሙከራ በተደጋጋሚ ይምታታሉ። የመጀመሪያው፣ ለምሳሌ ኢኤን 14683 በሚባለው የአውሮፓ መስፈርት ውስጥ ያለው፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለውን ባክቴሪያ የያዙ 3 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ ጠብታዎች ጨርቁን ማለፍ አለማለፋቸውን ብቻ ይለካል፤ መሞታቸውን አይነግርም። ሁለተኛው፣ አይኤስኦ 20743 ወይም ኤኤቲሲሲ 100፣ ባክቴሪያው ከጨርቁ ጋር በፈሳሽ ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ምን ያህሉ እንደቀረ ይቆጥራል። አንድ አምራች 99 በመቶ ብሎ ሲያስተዋውቅ ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ራሱም ውስንነት አለው። ማጣሪያው የሚሠራው በደረቅ አየር ውስጥ ነው፣ ሙከራው ግን እርጥብና ሞቃት ነው። ፖሊፕሮፒሊን ውሃ ስለሚገፋ ፈሳሹ ላዩ ላይ ተንከባሎ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ውጤቱ የንጥረ ነገሩን ኃይል ሳይሆን ጨርቁ አለመርጠቡን ያሳያል። ስለዚህ ያልታከመ ጨርቅ ምንጊዜም ጎን ለጎን መሞከር አለበት። ከዚህም ሌላ አንዱን ናሙና በአቧራ ሸፍኖ መሞከር እጅግ ይጠቅማል፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ 99.9 በመቶ የገደለ ንጥረ ነገር በአቧራ ሥር ከተቀበረ በኋላ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው ይህ ብቻ ነውና።

ለቻርጁ የገጽ ቮልቴጅ መለኪያ ብቻውን አያስተማምንም፤ አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅ ጎን ለጎን ሲኖሩ መለኪያው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፣ ጨርቁ ግን በጥሩ ሁኔታ ያጣራል። የሚያስተማምነው የማጣራት ብቃቱን ከነቻርጁና ቻርጁ ከጠፋ በኋላ ማወዳደር ነው። አይኤስኦ 16890 የሚባለው የ2016 መስፈርት ለሕንፃ ማጣሪያዎች ጨርቁ በአይሶፕሮፒል አልኮል ትነት ውስጥ ለ24 ሰዓት እንዲቆይ የሚያዘው ለዚህ ነው። ለጭምብል የአሜሪካው ኤን 95 መስፈርት ናሙናውን በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ85 በመቶ እርጥበት ለአንድ ቀን ያህል ያቆያል፣ ከዚያም በደቂቃ 85 ሊትር በሚፈስ አየር ውስጥ በጨው ቅንጣቶች ይፈትነዋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ አማራጭ ቢያንስ አራት ናሙና ማዘጋጀት ይገባል፦ ፀረ ባክቴሪያም ቻርጅም የሌለው፣ ቻርጅ ብቻ ያለው፣ ፀረ ባክቴሪያ ብቻ ያለው፣ ሁለቱም ያሉት። አራቱም አንድ ዓይነት ክብደትና ውፍረት ይኑራቸው፤ በሙቀትና በእርጥበት ከቆዩ በኋላም ብቃታቸው፣ የግፊት ልዩነታቸውና የሚለቁት የብረት መጠን ይለካ። አራተኛው ናሙና ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር የጥራት መለኪያው ምን ያህል እንደወረደ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ የወረደው ትንሽ ከሆነ የተመረጠው ንጥረ ነገር ይቀጥላል፣ ብዙ ከሆነ ደግሞ ወደ ንብርብር መከፋፈሉ ይኬዳል።